አያ ጓንጉልና ፊታውራሪን ያበዟቸው ሳንቃዎች

ይህን ጨዋታ ያወረሱን ሰዎች ራሳቸው ከሌላ ሰው አፍ የተቀበሉት ነው። እነሱ ትንሽ ጨምረውበታል፤ እኛም ዝም ብለን አላሳለፍነውም። አያ ጓንጉል የመለሳት መልስ ላይ ግን ማንም እጁን አላስገባም፤ እሷን የሚያሻሽል አልተገኘማ።

አያ ጓንጉል የጥንጁት በር ሰው ነው። ጥንጁት በር በአንድ ወገን ገደል፣ በአንድ ወገን ዳገት ይዟት መሃል ላይ የተሰነቀረች ከተማ ነበረች። መንገዷ አንድ ነው። ገበያ የሚወጣውም፣ ቤተ ክርስቲያን የሚሳለመውም፣ ሬሳ የሚሸኘውም፣ ሙሽራ ይዞ የሚመጣውም በዚያው በአንዱ እየተጋፋ ነው የሚያልፈው። አያ ጓንጉል አጋሰስ እየነዳ ከቆላ ጥጥና ማሽላ ያመላልሳል። ከአጋሰሶቹ ፊት የምትሄደው ዳማ የምትባል በቅሎው ናት። ቁልቁለቱን የምታውቀው እሷ፣ ወንዙን የምትደፍረው እሷ፤ ዳማ ካልቀደመች ሌሎቹ ንቅንቅ አይሉም። ሚስቱ ዘርትሁን ጠላ ትሸጣለች። ኑሯቸው እንግዲህ በዳማ ጀርባና በዘርትሁን እንስራ ላይ የተጫነ ነው።

አገሩን የሚገዙት ፊታውራሪ አንዳርጌ ክፉ ሰው አልነበሩም ይባላል። አንድ ጊዜ አዲስ አበባ ደርሰው ሲመለሱ ግን አንድ አመል ይዘው መጡ። እዚያ በመንገድ ዳር እንጨት ላይ የተጻፈ ነገር ቆሞ አይተው ልባቸው ሸፍቶ ቀረ። ከተመለሱ ጀምሮ አናጢው ሲጠርብ፣ ደብተራው ሲጽፍ መዋል ሆነ። መጀመሪያ ከከተማው መግቢያ ላይ “ይህ ጥንጁት በር ነው፤ ገዢውም ፊታውራሪ አንዳርጌ ናቸው” የሚል ሳንቃ ቆመ። ትንሽ ገባ ሲሉ “አሁንም ጥንጁት በር ነው” የሚል ሌላ ቆመ። ምንጩ አጠገብ “ይህ ምንጭ ነው”፣ ዳገቱ ሥር “ይህ ዳገት ነው”፣ ገደሉ አፋፍ ላይ “ይህ ገደል ነው” ተባለ። ከሁሉም ግርጌ የፊታውራሪ ስም ከነማዕረጉ አለ። የገደሉ ጽሑፍ ደቀቅ ያለ ስለነበር አንብቦ ለመጨረስ ወደ ገደሉ ጠጋ ማለት ያስፈልግ ነበር።

ፊታውራሪ አንድ ቀን በበቅሎ ሲያልፉ ጓንጉልን አገኙት።

«እህ ጓንጉል፣ እንዴት አየኸው ሥራችንን?»

ጓንጉል ግራ ቀኙን ቃኘ። ከጎጆው ሳንቃው በልጧል።

«ግሩም ነው ጌታዬ። እንግዲህ የቀረን ከተማውን ማምጣት ብቻ ነው።»

* * *

የፊታውራሪን ያየ ነጋዴ ሁሉ ተከላ ጀመረ። ከሁሉም የባሰው አቶ ምንውየለት ነው። ይህ ሰው ከቤቱ ውሃ ጠጥቶ የወጣ እንግዳ በአገሩ አይታወቅም፤ ድመቱ እንኳ ለምሳ ጎረቤት ነው የምትሄደው። ሳንቃውን ከሱቁ ግድግዳ ላይ እንዳይሰቅለው፣ «ግድግዳ ላይ ቢሆን የሚያየው የመጣው ሰው ነው፤ እኔ የምፈልገው አልፎ የሚሄደውን ነው» አለና ከመንገዱ መሃል ተከለው። “የፈለጉት ሁሉ እዚህ ይገኛል” ይላል።

አያ ጓንጉል አጋሰሶቹን ይዞ ሲመጣ የዳማ ጭነት በሳንቃውና በአጥሩ መሃል ተቀረቀረ። ወደፊት ቢል የለም፣ ወደኋላ ቢል የለም። እሷን እዚያው ትቶ ወደ ሱቁ ገባ።

«ምን ፈለግህ አያ ጓንጉል?» አለ ምንውየለት፣ ገበያ የመጣለት መስሎት እጁን እያፋተገ።

«መንገድ።»

«ምን?»

«መንገድ ነው የምፈልገው። የፈለጉት ሁሉ ይገኛል ይላል ብዬ ነው የገባሁት።»

«ቀልድህን ተው። እኔ መንገድ አልሸጥም።»

«ሳትሸጠው እንዴት አለቀ ታዲያ?»

* * *

ከዚህ ወዲያ ትእዛዝ ወጣ። የሚሸጥ ነገር ያለው ሁሉ የተጻፈ ሳንቃ ይትከል፤ ሳይጻፍ የሚሰቀል ነገር ይውረድ ተባለ።

የጠላ ቤት ምልክት መቼም ይታወቃል። ጠላው ሲደርስ ባለቤቷ በእንጨት ጫፍ ዋንጫ ደፍታ ከደጇ ታቆማለች፤ ጠላው ሲያልቅ ዋንጫውን ታወርዳለች። በቃ። ዘርትሁንም ከእናቷ ያየችው ይህንኑ ነው። የፊታውራሪ አጋፋሪ መጥቶ ከደጇ ቆመና በዘንጉ ወደ ላይ አመለከተ።

«ይህ ይውረድ። በቦታው ሳንቃ ይቁም ተብሏል።»

«ምን ተብሎ ይጻፍበታል?» አለች ዘርትሁን።

«“እዚህ ጠላ ይሸጣል” ተብሎ ነዋ።»

«ጠላው ሲያልቅስ?»

«ሲያልቅ ሳንቃው ምን አገባው? እንደቆመ ይቆማል።»

«እህ፣ ሰው ደክሞት መጥቶ ባዶ እንስራ ሲያይ የሚሰድበው ሳንቃውን ነው እኔን?»

አያ ጓንጉል ከጓሮ ኮርቻ ይጠግን ነበር። ወስፌውን እንደያዘ ብቅ አለ።

«ስማኝ አጋፋሪ። ያንተን ሳንቃ ለማንበብ ትምህርት ያስፈልጋል፤ የሷን ዋንጫ ለማንበብ ውሃ ጥም ይበቃል።»

ቀኑ ሐሩር ነበር። አጋፋሪው ዋንጫውን ሽቅብ አየና ምራቁን ዋጠ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«ለመሆኑ ዛሬ ምን ይላል?» አለ።

«“ግባ” ይላል።»

ገባ። ዋንጫውም ሳይወርድ ቀረ። ሲመሽ ግን ሳንቃውም መጣና ከዋንጫው ጎን ተተከለ፤ መንገዱም በዚያው ልክ ጠበበ።

* * *

ከፊታውራሪ ግቢ በር ላይ ባለጉዳይ እየተሰበሰበ አስቸገረ ተብሎ “እዚህ መቆም ክልክል ነው” የሚል ሳንቃ ቆመ። ጥቂት ቆይቶ አጋሰስ እያለፈ አቧራ አስነሣ ተባለና ከዚያው ትይዩ “ጭነት ይዞ ማለፍ ክልክል ነው” የሚል ሌላ ተተከለ። አንዱን የጻፈው ደብተራ ሌላውን ሲጽፍ ምን ያስብ እንደነበር እግዜር ይወቀው።

አያ ጓንጉል ጭነቱን ይዞ ከሁለቱ መሃል ደረሰ። አንዱን አነበበ፣ ሌላውን አነበበ። ከዚያ ጋቢውን ተከናንቦ ከመንገዱ መሃል ጋደም አለ። አጋሰሶቹም ከኋላው ተደረደሩ፤ ከአጋሰሶቹ ኋላ የገበያው ሰው፣ ከገበያው ሰው ኋላ አንድ የሰርግ አጀብ ከነሙሽራው ቆመ።

ዘበኛው እየሮጠ መጣ። «አንተ ሰው፣ ምን ሆነሃል?»

«መቆም ክልክል ነው፤ ማለፍም ክልክል ነው። መተኛት ገና አልተጻፈም።»

በማግስቱ ጧት “መተኛት ክልክል ነው” ተጽፎ ቆሞ አገኘው። ጓንጉል ቆብ እንደማውለቅ ብሎ ሰላምታ ሰጠውና ወደ ዘበኛው ዞረ።

«ለደብተራው ንገርልኝ፣ ቀለም ይበጥብጥ። ነገ ተንጠልጥዬ ነው የምመጣው።»

* * *

ፍየሎች በሳንቃው ላይ ጎናቸውን ማከክ ሲያበዙ፣ ፊታውራሪ ገበያ መሃል አዋጅ አስነገሩ። «ስሜ የተጻፈበት ሳንቃ እኔው ነኝ፤ ሳንቃዬን የነካ እኔን እንደነካ ይቆጠራል» አሉ። ፍየሎቹ አዋጁን አልሰሙም። አያ ጓንጉል ግን ሰማ።

የእሑድ ቀን ቤተ ክርስቲያን ለመሳለም ከቤቱ ሲወጣ የመጀመሪያው ሳንቃ ዘንድ ደረሰና ቆመ። ጋቢውን አደገደገ። ወገቡን ሰበር አድርጎ፣ መሬቱን እስኪነካ እጅ ነሣ። ጥቂት ሄዶ ሁለተኛው ዘንድ ደረሰ፤ አሁንም አደገደገ፣ እጅ ነሣ። መንገዱ ጠባብ ነው፤ እሱን ቀድሞ ማለፍ አይቻልም። ሰው ከኋላው እየተጠራቀመ አብሮ እየቆመ፣ አብሮ እየሄደ ሰልፉ ረዘመ። ቅዳሴው ተጀምሮ እየሰሙት ገና ከ“ይህ ዳገት ነው” አላለፉም።

ከሰልፉ ጭራ ፊታውራሪ ራሳቸው ከነአጀባቸው ደርሰው ኖሯል። በቅሎአቸው ላይ ሆነው አንገታቸውን አሰገጉ።

«ከፊት ያለው ማን ነው? ምን እያደረገ ነው?»

ጓንጉል ከጎነበሰበት ሳይቃና ዞሮ አያቸው።

«ጌታዬ ባሉበት ሁሉ እጅ እየነሣሁ ነው። ምን ላድርግ፣ ጌታዬ በዙብኝ።»

አጀቡ ኩታውን አፉ ውስጥ ጨመረ። ፊታውራሪ ግን አልሳቁም። ያቺን ቀን በልባቸው ያዟት።

* * *

ሰኔ ተቃረበ። ወንዙ ከሞላ ቆላው ይዘጋል፤ ከዚያ በፊት የመጨረሻውን ጥጥ ማውጣት ነበረበት። አንዱን ጭነት አወጣ። ከተማው መሃል ሲደርስ፣ ሌሊት ዝናብ ጥሎ መንገዱ ሟልጦ ነበርና ዳማ አዳለጣት። የጥጡ እስር ከፊታውራሪ ሳንቃ አንዱን ገጨው። ሳንቃው ጭቃው ላይ በጀርባው ወደቀ፤ ዳማም ለመቆም ስትፍጨረጨር ሁለት እግሯን በስሙ ላይ አሳረፈች።

ዘበኞቹ ደቂቃ አልፈጀባቸውም። «ፊታውራሪን ረገጠች» ብለው ዳማን እየጎተቱ ወስደው ከግቢው አሰሯት። ጉዳዩ በዳኛ እስኪታይ አትፈታም ተባለ።

ዘርትሁን ሌሎቹን አጋሰሶች አየች። ጭነታቸውን እንደተሸከሙ ወደ ግቢው አፍጥጠው ቆመዋል።

«አንቱ ሰውዬ» አለችው፣ «ምላስዎ በቅሏችንን በላት።»

በዚያች ቀን አያ ጓንጉል መልስ አልሰጠም ይባላል። ሰው ሁሉ የደነገጠው በበቅሎዋ መታሰር አይደለም፣ በዚህ ነው።

* * *

በቀጠሮው ቀን ችሎት ተቀመጠ። ዳኛው ግራዝማች ይመር፣ ሕግ የሚያውቁ ግን ፊታውራሪን አብዝተው የሚፈሩ ሰው ናቸው።

«ከሳሽ ማን ነው?» አሉ።

አጋፋሪው ብድግ አለ። «ፊታውራሪ ናቸው። ስማቸው በጭቃ ተረግጧል።»

«ተከሳሽ፣ ምን ትላለህ?»

«እኔማ ደንቡ ይፈጸምልኝ ነው የምለው» አለ ጓንጉል። «ፍርድ እስኪሰጥ ከሳሽና ተከሳሽ ልብስ ለልብስ ይቆራኛሉ። ከከሳሼ ጋር ቆራኙኝ።»

 እውነቱን ነው፤ የዚያን ዘመን ደንብ እንዲያ ነው። ሁለት ተካሳሾች የጋቢያቸው ጫፍ ተቋጥሮ አብረው ይበላሉ፣ አብረው ያድራሉ። ግን ፊታውራሪን ከአጋሰስ ነጂ ጋር ማን ይቋጥራቸዋል? ደንቡ ይቅር እንዳይባል ደግሞ ሰው ሁሉ ጆሮውን አቁሞ ይሰማል። ግራዝማች ላብ አጠመቃቸው።

ጓንጉል ያዘነላቸው መሰለ። «ፊታውራሪን አናስቸግር ግራዝማች። “ሳንቃዬ እኔው ነኝ” ብለው አዋጅ አስነግረው የለም? ከሳንቃው ጋር ቆራኙኝ።»

ግራዝማች እፎይ አሉ። የጓንጉልን ጋቢ ጫፍ ለማስረጃ ከመጣው ሳንቃ አስቋጥረው፣ ለሌላ ቀን ቀጥረው ተነሡ። ምን እንደቋጠሩ የገባቸው በኋላ ነው።

* * *

ጓንጉል ሳንቃውን አቅፎ ገበያ ወጣ። «ዞር በሉ፣ ፊታውራሪ እያለፉ ነው» ይላል። ሰውም ዞር እያለ እጅ ይነሣል፤ አዋጅ ነዋ። ቤቱ ሲደርስ ሳንቃውን ከመደቡ የክብር ቦታ ላይ አስደግፎ አስቀመጠና አንድ ዋንጫ ጠላ ከፊቱ አኖረ።

አጋፋሪው እንደ ልማዱ ጉሮሮውን ሊያርስ ገባና ቁጭ ሊል በርከክ ሲል ጓንጉል ክንዱን ያዘው።

«ምነው አጋፋሪ፣ ጌታህ ተቀምጠው አንተም ትቀመጣለህ?»

አጋፋሪው ሳንቃውን አየ፤ ጠላውን አየ። ቆሞ ጠጣ። ሁለተኛውንም ቆሞ ጠጣ።

ማደሪያ ሲሆን ጓንጉል ሳንቃውን ይዞ ጋጣ ገባና ከአጋሰሶቹ መሃል ገለባ አንጥፎለት አጠገቡ ተኛ። የዳማ ቦታ ባዶ ነበር፤ እዚያ ላይ ነው ያስተኛው።

የባሰው ግን ጧት መጣ። አቤቱታ ያለው ሰው ሁሉ ጓንጉል ደጅ መሰለፍ ጀመረ። አንዱ የድንበር፣ አንዱ የውሃ፣ አንዷ የባሏን ነገር ለሳንቃው እየተናገሩ እንባቸውን እየጠረጉ ይሄዳሉ። ነገሩ ግቢው ደረሰ። ፊታውራሪ ከሰዎቻቸው አንዱን ልከው፣ «ሰው ከኔ ዘንድ መምጣት ትቶ ለምን እዚያ ይሄዳል?» ብለው አስጠየቁ።

ጓንጉል መልእክተኛውን እንዲህ ሲል መለሰው።

«እኒህኛው ሲነገራቸው አያቋርጡም በልልኝ።»

* * *

የቀጠሮው ቀን ፊታውራሪ አጋፋሪ አልላኩም፤ ራሳቸው መጡ። ፊታቸው ቀልቷል። ጓንጉል ሳንቃውን አቅፎ፣ ከገለባው ጥቂት በጋቢው ላይ እንደተሰካ ቆሟል።

«አንተ ባለጌ፣ እኔን ጋጣ ታሳድረኛለህ?»

«ቁራኛዬ ናቸው ጌታዬ፤ የት ጥያቸው ልደር?»

«ምን ቁራኛዬ ናቸው ትላለህ፣ እሱ ሳንቃ ነው። እኔ ይኸው ከፊትህ ቆሜአለሁ።»

ጓንጉል ወደ ዳኛው ዞረ።

«ግራዝማች፣ ቃላቸው ይያዝልኝ። በቅሎዬ ፊታውራሪን ረግጣለች ተብላ ነው የታሰረችው። ይኸው ቆመዋል፤ እስቲ ጭቃ ይፈልጉባቸው።»

ግራዝማች ይመር ጭራቸውን ወደ ፊታቸው አስጠግተው ብዙ ዝንብ ያባረሩ መሰሉ። ትከሻቸው ግን ይነቃነቅ ነበር። ሲረጋጉ ፍርዱን ሰጡ፤ ዳማ ተፈታች።

* * *

ሳንቃዎቹ የወደቁት በዚያው ሳምንት ነው። ዛሬ ስለ አወዳደቃቸው የሚወራው ብዙ ነው። ምስጥ በላቸው የሚል አለ፤ የማገዶ እጥረት ነበር የሚል አለ። የአቶ ምንውየለትን ወገን ከጠየቃችሁ እሱ ከሁሉ ቀድሞ እንደነቀለ ይነግሯችኋል፤ ነቅሎ የት እንዳደረገው ግን የአልጋውን ርብራብ ማየት ነው። የነበሩት ሰዎች ግን ያስነቀሉት ፊታውራሪ ራሳቸው ናቸው ይላሉ፤ ነገሩም እንዲህ ነው።

በቅሎዋ ትፈታ እንጂ መንገዱ አልተፈታም ነበር። ወንዙ ሊሞላ ጥቂት ቀን ቀርቶታል፤ የቀረው ጥጥ ቆላ ተቀምጦ ይጠብቃል። ጓንጉል፣ ዳማ ስትታሰር የቆመውን ጭነት ለማድረስ ሲነሣ፣ ዳግመኛ ሳንቃ ላለማስነካት አንድ ዘዴ ያዘ። ሳንቃ ዘንድ ሲደርስ ጭነቱን ያወርዳል፣ በራሱ ጀርባ ተሸክሞ ያሳልፋል፣ ዳማን ባዶዋን ያሳልፋል፣ እንደገና ይጭናል። ቀጣዩ ሳንቃ ዘንድ ሲደርስ እንደገና ያወርዳል። ዘርትሁን ማሰሪያውን ትፈታለች፣ ታስራለች። እንዲህ ሲያዘግሙ ቀኑ ተጋመሰ፤ ከኋላቸው ያለው ሰውም አብሮ ቆሞ ይጠብቃል። እንዲህ ከሆነ ወንዙ ሳይሞላ አንድ የቆላ ምልልስ እንኳ እንደማይደርስ ሁለቱም አውቀውታል።

ፊታውራሪ ከግቢያቸው ወጥተው ያዩት ነበር። ንዴታቸው በርዷል። ጠጋ አሉና ዝግ ባለ ድምፅ ተናገሩት።

«ጓንጉል፣ መቼም እልከኛ ነህ።»

«በቅሎዬን ብዬ ነው ጌታዬ።»

«ልንቀለው ብልስ፣ አገሩን ማን እንደሚገዛ መንገደኛው በምን ያውቃል? ስሜ እንዲህ ተረስቶ ይቅር?»

ጓንጉል የተሸከመውን የጥጥ እስር መሬት ላይ አወረደ። ላቡን በጋቢው ጫፍ ጠረገ። ዘርትሁን እጁን ነካ አደረገችው፤ ዝም ይበሉ ማለቷ ነው። እሱ ግን ዝም ለማለት አልተፈጠረም።

«አይረሳም ጌታዬ። በሌላው አገር እንቅፋት የመታው መንገደኛ የሚረግመውን ሰው ስም ጠይቆ ነው የሚያገኘው፤ በርስዎ አገር ግን ተጽፎ ይጠብቀዋል።»